ዩሪያ ይዞ የሄደው ከረጢት ከሰል ይዞ ሲመለስ
የፒያሳ ምድጃ፣ የካሉብ ጋዝ እና የአርሶ አደሩ ማሳ

ማለዳ ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቅዳሴ የወጡ እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ፒያሳ ያቀናሉ። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ አንዲት ወጣት ቡና አፍዪ የከሰል ምድጃዋን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ረከቦቱ ተዘርግቷል፤ ስኒዎቹ ተደርድረዋል። ከጎኗ ግማሽ ድረስ የጎደለ የከሰል ከረጢት ቆሟል። ነጭ ነበር፤ አሁን ጠቁሯል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ደብዝዞም ቢሆን ይነበባል፦ ዩሪያ፣ ናይትሮጅን 46 በመቶ።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከረጢት ራሱን “ማዳበሪያ” ነው የሚለው። ከሰል የሚገዛው “በማዳበሪያ” ነው፤ ጤፉም ድንቹም በማዳበሪያ ይጫናል። ቃሉ ከተማ ገብቶ ትርጉሙን ቢቀይርም የከረጢቱ ጉዞ እውነተኛ ነው። ከውጭ አገር ዩሪያ ይዞ በጅቡቲ ወደብ ገባ፤ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን አልፎ ከአርሶ አደሩ ማሳ ደረሰ፤ ባዶውን ሲቀር ደግሞ ከሰል ተሞልቶ ወደ ከተማ ተመለሰ።

በዚህ አንድ ከረጢት ውስጥ አገሪቱ አሁን የያዘችው ትልቅ ጥያቄ ተቋጥሯል። ከተሜው በምን ያብስል? አርሶ አደሩ በምን ያምርት? ከሶማሌ ክልል መውጣት የጀመረው የተፈጥሮ ጋዝስ ለማን ይድረስ? ጥያቄው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ብቻ ይመስላል። ዱካውን ተከትሎ ለሄደ ግን መነሻውም መድረሻውም ወረዳ ነው።

በማገዶ እጦት ልትሰደድ የነበረች ከተማ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ዙሪያዋን ጥድና ወይራ ነበረ። ቤት የሚሠራውም፣ እንጀራ የሚጋገረውም፣ ግብር የሚበላውም በዚያው ደን ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ የእንጦጦ ሸንተረር ተራቆተ። ማገዶ ፍለጋ መንገዱ እየረዘመ ሲሄድ፣ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም ወደምትባለው ስፍራ ለማዛወር እስከማሰብና ግንባታ እስከማስጀመር ደረሱ።

ከተማዋን ካለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው ይህ ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለግንባታ ደረሰ። በአራዳ ገበያ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ከእህሉና ከከብቱ ጎን የባሕር ዛፍ ሸክም ዋና ሸቀጥ ሆነ። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን የከተማው ነዋሪ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ያውቃቸዋል።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ። የማገዶ አቅርቦት ከተማ ያኖራል፤ ከተማም ያፈርሳል። ዛሬ ባለሙያዎች “የኃይል አቅርቦት ዋስትና” የሚሉት፣ ያኔ አንድን ዋና ከተማ ከቦታው ሊነቅለው የቀረበው ችግር ነው። መፍትሔውም የመጣው ከገበሬ እጅ፣ ከተተከለ ችግኝ ነበር።

ላምባ ሲወደድ ዛፍ ተቆረጠ

ከማገዶ በኋላ የአራዳ ጓሮ ማጀቶች ነጭ ጋዝ፣ በእኛ አካባቢ አጠራር ላምባ፣ ለመዱ። ለብዙ ዓመታት የከተማው ወጥ የሚሠራው በላምባ ምድጃ ነበር። ላምባው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። በ1959 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ድፍድፍ ነዳጅ ከውጭ እያስመጣ ያጣራ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አገሪቱ የተጣራውን ነዳጅ በቀጥታ መግዛት ብቻ ቀራት።

መንግሥት በ2001 ዓ.ም መጀመሪያ የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ የላምባ ዋጋ አሻቀበ። አቅም ያለው ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ዞረ። አቅም ያነሰው ወደ ከሰል ተመለሰ። ከሰሉ የመጣው ከስምጥ ሸለቆ ግራር፣ ከምሥራቁ ቆላ ቁጥቋጦ፣ በኋላም ከእኛው ከአዊ ደጋ ነው። ከውጭ የሚገባ ነዳጅ ሲወደድ፣ ዕዳውን ከተማው ብቻ አልከፈለውም፤ ደኑም ከፍሏል።

ዛሬ በፒያሳ ማጀቶች የላምባውን ቦታ በአብዛኛው የሲሊንደር ጋዝና ኤሌክትሪክ ይዘውታል። ይሁንና አንዱ ሌላውን ሙሉ በሙሉ አልተካም። ከላይ ያነሳናት ቡና አፍዪ ቤቷ እንጀራ የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ወጥ በሲሊንደር ጋዝ ትሠራለች። ቡና ግን በከሰል ነው፤ ያለ ከሰል ቡና ቡና አይሆንላትም። ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ መሙያ ሲጠፋ ወጡም ወደ ከሰሉ ይወርዳል፤ መብራት በሄደ ቀን ደግሞ እንጀራውም ከጎረቤት ይገዛል። ሦስት ዓይነት ማገዶ የምትይዘው ስለተረፋት አይደለም፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲደርስላት ነው። ቤተሰብም እንደ አገር የራሱን የአቅርቦት ዋስትና በዚህ መንገድ ያስጠብቃል።

በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳን ገጽታ ቀይሯል። በጋራ ማጀት ያበስሉ የነበሩ በርካታ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሄደዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጨት ማንደድ አይቻልም። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ ሽታም ቀለምም በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ምክንያት ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ የከተማው ማጀት ወደ ንጹሕ ነዳጅ መሄዱ አይቀሬ ነው። ጥያቄው ወደ የትኛው፣ በማን ወጪ፣ የሚለው ነው።

ካሉብ፦ የግማሽ ምዕተ ዓመት ደጅ ጥናት

በሶማሌ ክልል፣ በኦጋዴን፣ ካሉብ በተባለው ስፍራ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1960ዎቹ ነው። ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የሶቪየት ባለሙያዎች ቁፋሮውን ቀጠሉ። ከዚያም የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፤ ሄደ። በ2006 ዓ.ም ፖሊ ጂሲኤል የተባለ የቻይና ኩባንያ ውል ወሰደ፤ ጋዙን በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ለመውሰድም ታቅዶ ነበር፤ ውሉ ግን በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በማዕድን ሚኒስቴር ተቋረጠ። በ2014 ዓ.ም በአሜሪካ አጥኚ ድርጅት ተረጋግጦ ይፋ የተደረገው ክምችት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ነው።

መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም በካሉብ የፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ እንዲያመርት የታቀደ ሲሆን፣ ከዚህ በአሥር እጥፍ የሚበልጠው የሁለተኛው ምዕራፍ የመሠረት ድንጋይም በዚያው ዕለት ተቀምጧል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ከካሉብ የሚወጣው ጋዝ እና በፒያሳ ማጀት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ አንድ አይደሉም። በሲሊንደር የሚሞላው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ቅልቅል ነው፤ በመጠኑ ሲጨመቅ በተራ የአየር ሙቀት ፈሳሽ ይሆናል፤ ስለዚህ በትከሻ ተሸክሞ ቤት ማስገባት ይቻላል። የካሉቡ በአብዛኛው ሚቴን ነው። ሚቴን ፈሳሽ የሚሆነው ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ነው። በልዩ ቦቴ ይጓጓዛል፤ ለከባድ ተሽከርካሪ፣ ለፋብሪካ፣ ለኃይል ማመንጫ ይሆናል። ለቤት ማጀት ለማድረስ ግን በየመንደሩ የተቀበረ የቧንቧ መስመር ይጠይቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ይህ መስመር የላትም። ስለዚህ “አገራችን ጋዝ አወጣች” ሲባል የሰማ የፒያሳ ነዋሪ ሲሊንደሩ ነገ ይረክሳል ብሎ ቢጠብቅ ይሳሳታል።

የናይጄሪያ ነገር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከአፍሪካ ትልቁን የጋዝ ክምችት የያዘችው አገር፣ ፈሳሽ ጋዝ በመርከብ ለዓለም እየሸጠች፣ በገጠሯ ሚሊዮኖች ዛሬም በእንጨት ያበስላሉ። ጋዝ ከመሬት መውጣቱና ማጀት መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ጋዙ ማሳ ሊደርስ ይችላል

የካሉብ ጋዝ ወደ ማጀት የሚወስደው መንገድ ረዥም ቢሆንም ወደ ማሳ የሚወስደው ግን አጭር ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ እና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። ድርሻው ዳንጎቴ 60 በመቶ፣ ኢትዮጵያ 40 በመቶ ነው። የተገመተው ወጪ 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር፣ የማምረት አቅሙ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ፣ የግንባታው ጊዜም 40 ወራት እንደሚሆን ተገልጿል።

ጋዝ እንዴት ማዳበሪያ ይሆናል? አየር በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ሰብሉ ግን ከአየር ላይ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። በፋብሪካው ከተፈጥሮ ጋዝ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ሲዋሐድ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያው ደግሞ ከዚያው ከጋዙ ከሚገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ነጩን ፍሬ ዩሪያ ይሰጣል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ። ለዚህ ነው ጋዝ ሲወደድ ዩሪያ የሚወደደው።

ይህንን አርሶ አደሩ በኪሱ ያውቀዋል። በ2014 ዓ.ም የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲቀሰቀስ በአውሮፓ የጋዝ ዋጋ ናረ፤ የማዳበሪያ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ የዓለም የዩሪያ ዋጋ ሰማይ ነካ። ስለ ቧንቧ መስመር ሰምቶ የማያውቅ የጎጃም ገበሬ፣ በአውሮፓ ቧንቧ የተነሳ የማዳበሪያ ዕዳው ከበደበት። ከዚያ በኋላም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ በብር የሚከፈለውን ከፍ አድርጎታል።

አገሪቱ ለአንድ የምርት ዘመን የምትገዛው የአፈር ማዳበሪያ በቅርብ ዓመታት 20 ሚሊዮን ኩንታል ገደማና ከዚያም በላይ ደርሷል፤ ሁሉም በጅቡቲ በኩል ይገባል። አንድ ወደብ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ምንዛሪ ነው። መርከብ ከዘገየ፣ መንገድ ከተዘጋ፣ ዝናቡ ግን አይጠብቅም። ለበቆሎ ጉልበት ላይ ሲደርስ ያልተጨመረ ዩሪያ፣ በመስከረም ቢመጣ ጥቅሙ ለመጋዘን ብቻ ነው።

ቢሆንም ተስፋውን በልኩ መያዝ ይገባል። አንደኛ፣ ከዚህ ቀደም በኢሉባቦር ያዩ ከድንጋይ ከሰል ማዳበሪያ ለማምረት የተጀመረው ፋብሪካ ገንዘብ ወጥቶበት ለፍሬ ሳይበቃ ቀርቷል፤ የመሠረት ድንጋይ ምርት አይደለም። ሁለተኛ፣ ከጋዝ የሚገኘው ናይትሮጅን ነው፤ ፎስፈረሱ ከሌላ ማዕድን ስለሚመጣ ኤንፒኤስ የመሰሉ ማዳበሪያዎችን ከውጭ መግዛት ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ በአገሪቱ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት የተጠቃ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ዩሪያ ብቻውን ቢደጋገም አሲዱን ያባብሰዋል። ኖራና ፍግ ያልተጨመረበት ማሳ፣ ዩሪያው ከጎዴም ይምጣ ከባሕር ማዶ፣ የሚሰጠው ምርት ከወጪው ያነሰ ነው።

የአዊ አርሶ አደር ጥያቄ

አሁን ወደ ከረጢቱ የመልስ ጉዞ እንምጣ። በክልላችን በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አርሶ አደሩ ለከሰል የሚሆን ዛፍ እንደ ሰብል ያመርታል። ዛፉ ዲከረንስ ይባላል። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ገብስና ጤፍ አልሰጥ ባለው ማሳ ላይ፣ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከሰብል ጋር አብሮ ይተክለዋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ያጭዳል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱንም አርሶ እንደገና ይዘራዋል። ዛፉ እንደ ባቄላና አተር ከአየር ናይትሮጅን የሚስብ ስለሆነ፣ ከቆረጣ በኋላ የሚዘራው እህል የተሻለ ይሆናል።

ከዚህ ከሰል በተገኘ ገቢ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ፣ በሬ የገዛ አርሶ አደር በወረዳው ብዙ ነው። ከሰሉም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ሲጫን ኖሯል። ይህ ከሰል የተፈጥሮ ደን ተጨፍጭፎ ከሚመጣው ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባውም፤ ተተክሎ፣ ተኮትኩቶ፣ ተቆርጦ እንደገና የሚተከል ነው።

ነገር ግን ሁለት ጎርፍ ገጥሞታል። የመጀመሪያው በሽታ ነው። ከ2012 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ከስንዴ ዋግ ወገን የሆነ የፈንገስ በሽታ የዲከረንስን ቅጠልና ቅርንጫፍ አጥቅቶ ሰፊ ተክል አድርቋል። ማሳውን በሙሉ በአንድ ዛፍ የሸፈነ ቤተሰብ፣ የአምስት ዓመት ተስፋው በአንድ ክረምት ሲጠወልግ አይቷል። ሁለተኛው ጎርፍ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ የፒያሳ ምድጃ እየተቀየረ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መስመሩና ትራንስፎርመሩ እየተሻሻለ በሄደ መጠን የከተማው ማጀት ወደ ኤሌክትሪክ ያደላል።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ውጥረት አለ። ለከተማዋ እናት ሳንባ፣ ለቆላው ግራር፣ ለአየሩም ከሰል ቢቀንስ ይጠቅማል። ለፋግታ አርሶ አደር ግን ከሰል የቀነሰበት ቀን የልጁ ደብተር የጎደለበት ቀን ነው። ሽግግሩ “ንጹሕ” የሚባለው የሁለቱም ሒሳብ ሲዘጋ ነው።

ምን ለምን ይዋል?

የተፈጥሮ ጋዝ ተቃጥሎ የሚያልቅ ሀብት ነው። 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ብዙ ይመስላል፤ እንደ ጎተራ እህል ግን ቢበዛም ይቆጠራል። ብልህ አባወራ ከጎተራው መጀመሪያ የሚያወጣው ለዘር ነው፤ ከዚያ ለምግብ፣ የተረፈውን ለገበያ። ጋዙም ቢሆን መጀመሪያ መዋል ያለበት ሌላ ቀላል ምትክ በሌለው ነገር ላይ ነው። እንጀራን በውሃ ኃይል በመነጨ ኤሌክትሪክ መጋገር ይቻላል። ዩሪያን ግን አገሪቱ በያዘችው አቅም ከጋዝ ውጭ በርካሽ ማምረት ከባድ ነው። ስለዚህ ለከተማው ማጀት ኤሌክትሪክ፣ ለማሳው ጋዝ የሚለው አደላደል ሁለቱንም ያግዛል።

ኤሌክትሪኩም ቢሆን አስተማማኝ ካልሆነ ከሰሉ አይለቅም። መብራት በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠፋበት ሰፈር፣ ነዋሪው የከሰል ምድጃውን አይጥልም፤ ልክ ነውም። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ሕንድ ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሲሊንደር ስታከፋፍል የገጠማት ይኸው ነበር፤ ሲሊንደሩ ቤት ገባ፣ መሙያው ግን ለብዙዎች ስለከበደ እንጨቱ ከጓሮ አልጠፋም። ዕቃ ማደል ሽግግር አይደለም። ሽግግር የሚባለው ከሁለት ዓመት በኋላም ዕቃው ሲሠራ ነው።

ወረዳው ምን ይሥራ?

የካሉብ ቧንቧ ወደ ገጠር ቀበሌ እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም። የሚገርመው ግን ያው ጋዝ ከበረቱ በር ላይ መኖሩ ነው። እበት አየር በሌለበት ጉድጓድ ሲብላላ የሚሰጠው ባዮጋዝ ከግማሽ በላዩ ሚቴን ነው፤ ከካሉብ ከርሰ ምድር የሚወጣው ራሱ ማለት ነው። ከ2001 እና 2002 ዓ.ም ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በክልላችንም በርካታ ማብላያዎችን አስገንብቷል። “ስንዱ” የተባለው ሞዴል ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ቢያንስ 4 የቀንድ ከብት፣ በቀን ቢያንስ 20 ኪሎ ግራም እበትና እኩል መጠን ያለው ውሃ ይፈልጋል። ለቤተሰብ ወጥና ቡና ይበቃል፤ አምፖልም ያበራል። የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ናይትሮጅኑ ያልጠፋ ማዳበሪያ ነው። ኩበት አድርጎ ማንደድ ግን የማሳን ምግብ በምድጃ ማቃጠል ነው።

ድክመቱም መነገር አለበት። ብዙ ማብላያዎች የቆሙት በቴክኖሎጂው ክፋት ሳይሆን የሚጠግናቸው ባለሙያና ማሟያ ዕቃ ከወረዳው ስለጠፋ ነው። አምፖሉ ተሰበረ፣ ቧንቧው ዛገ፣ ምድጃው ተደፈነ፤ ከዚያ ጉድጓዱ ተረሳ። ስለዚህ የወረዳ የኃይልና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በዚህ ዓመት ሪፖርታቸው “ስንት ተገነባ” ከሚለው በፊት “ስንቱ ዛሬ ይነዳል” የሚለውን ቢያስቀድሙ ይጠቅማል። ቆጠራው አንድ ሳምንት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ጊዜ ይወስዳል፤ የሚገኘው ግን የቆመ ሀብት ነው።

ከብቱ ላልደረሰ፣ ውሃው ለራቀ ቤተሰብ ሚርት ምድጃ አለ። ከሲሚንቶና ከቀይ አሸዋ የሚሠራው ይህ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ለከሰል ተጠቃሚው ደግሞ ላቀች ምድጃ ሩቡን ያህል ያድናል። ሁለቱም በወረዳ ከተማ ወጣቶች ተደራጅተው ሊያመርቷቸው የሚችሉ ናቸው።

የከሰል አምራቹን በተመለከተ የወረዳ አመራር ከፊቱ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛው፣ የተተከለ ዛፍ ከሰልንና የተፈጥሮ ደን ከሰልን መለየት ነው። በ2010 ዓ.ም የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደን ባለቤትነትን ያውቃል። ዛፉን ከማሳው የቆረጠ አርሶ አደር ይህንን የሚያሳይ ማስረጃ ከቀበሌው በቀላሉ ካገኘ፣ በየኬላው አይጉላላም፤ ከተፈጥሮ ደን የሚጭነው ደግሞ መሸሸጊያ ያጣል። ሁሉንም አንድ ላይ መከልከል ግን ሕጋዊውን አክስሎ ሌባውን በሌሊት ያስጭናል።

ሁለተኛው፣ አከሳሰሉን ማሻሻል ነው። በአፈር ተደፍኖ በባህላዊ መንገድ ሲከሰል ለአንድ ኪሎ ግራም ከሰል ከ5 እስከ 10 ኪሎ ግራም እንጨት ይጠፋል። እንጨቱን በሚገባ ማድረቅ፣ እኩል አድርጎ መደርደር፣ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫውን መቆጣጠር፣ ከቶን ከፍ ብሎም የተሻሻለ ማክሰያ መጠቀም ከዚያው እንጨት ተጨማሪ ከረጢት ያስገኛል። የገበያው መጠን ቢቀንስ እንኳ ከአንድ ማሳ የሚገኘው ገቢ እንዳይቀንስ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሦስተኛው፣ ማሳውን ከአንድ ዛፍ ማላቀቅ ነው። በሽታው ያስተማረው ይህንን ነው። ድንች፣ ቀርከሃ፣ የደጋ ፍራፍሬ፣ ኖራ በተጨመረበት መሬት ላይ ገብስና ስንዴ፤ ከዚህ ውስጥ ለአካባቢው የሚስማማውን ባለሙያው ከአርሶ አደሩ ጋር ቢመርጥ፣ ከሰል ከሕይወት ማቆያነት ወደ ተጨማሪ ገቢነት ይወርዳል። ያን ጊዜ የፒያሳ ምድጃ ቢቀየር አርሶ አደሩ ይነካል እንጂ አይወድቅም።

ከረጢቱ ወዴት?

ረፋዱ ላይ ወደ ፒያሳዋ ቡና አፍዪ ተመለስን። ሦስተኛው ቡና ወርዷል። ምድጃዋ ላቀች ነው፤ ከሰሏን በቁጥር ነው የምታኖር፤ አንዷንም ሳታቃጥል አታስተርፍም። ከሰሉ የት እንደተመረተ አታውቅም፤ ነጋዴው ከመኪና አውርዶ ይሸጥላታል። ባዶውን ከረጢት ግን አትጥለውም። አጥባ፣ ሰፍታ፣ ከገጠር ለሚመጡ ዘመዶቿ ትሰጣለች፤ ለእህል ይሆናቸዋል።

ያ ከረጢት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በላዩ ላይ “ጎዴ” የሚል ተጽፎበት ወደ ማሳ ይሄድ ይሆናል። ያን ቀን የሚያመጣው ካሉብ ላይ ያለው ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ፋብሪካው በጊዜው መጠናቀቁ፣ የከተማው መብራት አለመቆራረጡ፣ የወረዳው ማብላያ መጠገኑ፣ የአዊ አርሶ አደር ማሳው ላይ ከአንድ ዛፍ በላይ መኖሩ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ በአዲስ አበባ ይወሰናሉ። ሁለቱ ግን በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በአርሶ አደሩ ደጅ የሚወሰኑ ናቸው፤ ለመጪው ክረምት ደግሞ የሚደርሱት እነርሱ ናቸው።